እቴጌም ካራቴ ይማሩ

በ1994 ዓ.ም. በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ዮዳ የሚባለው ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው አረጋዊ ምርኩዙን ተደግፎ እያነከሰ ይገባል። ከዚያ ካባውን ገለጥ፣ የብርሃን ሰይፉን መዘዝ ያደርግና እንደ ስሜን ጭላዳ መዝለል ነው! ጠቡ ሲያበቃ ምርኩዙን አንሥቶ እንደገና ያነክሳል። ተመልካች አጨበጨበ፤ ሲያንስ ነው። የስምንት መቶ ዓመት ጥበብ ለዚህ ካልዋለ ለምን ሊውል ኖሯል?

ይህ በረከት ጎንደር ሳይደርስ መቅረቱ ያንገበግበኛል። የራስ ሚካኤል ስሑልና የእቴጌ ምንትዋብ ታሪክ እንዳለ ቢቀረጽ ማን ያየዋል? ራስ ሚካኤል እግራቸው የተጎዳ ሽማግሌ ነበሩ። በግንቦት 1761 አፄ ኢዮአስ በሻሽ ታነቁ፤ በጥቅምት 1762 ተተኪያቸው ዳግማዊ ዮሐንስ በመርዝ ሞቱ። ዓመት ሳይሞላ ሁለት ንጉሥ፣ ያውም ራስ ሚካኤል ከተቀመጡበት ሳይነሡ። አንድ ቡጢ እንኳ የለም! እቴጌይቱም አይሻሉም። የታነቀው የልጅ ልጃቸው፣ ያሳነቁት የልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ባል፤ እሳቸው ግን ከቁስቋም ቤተ መንግሥታቸው ወርደው አንዲት ጥፊ አላሳረፉም።

ስለዚህ እኔ እንዲህ አስቤያለሁ። ቁስቋም ፍርስራሹ ላይ ራስ ሚካኤል ሦስቴ በአየር ተገልብጠው ያርፋሉ። እቴጌ የጥልፍ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በቴስታ ይቀበሏቸዋል። አማትና አማች በቴስታ! (ከሁለቱ ክፉው ማን እንደሆነ ለሜካፕ ባለሙያው ትቼዋለሁ።) ትልቁ ጥቅም ግን የደራሲው ነው፤ እቴጌ አማቻቸውን ምን ቢሏቸው አጥንት ይሰብራል ብሎ ሌሊቱን ሙሉ አይጨነቅም። በሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ሰውን አዋርዶ በሚሸኝ አገር ንግግር መጻፍ ቀላል መሰላችሁ? ርግጫ ይሻላል፤ ርግጫ ሰምና ወርቅ የለውም።

ኋላ አፄ ቴዎድሮስ የሆነውን ካሳን ብንቀርጽ፣ እሱንስ ተዉት፤ በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን የገጠመ ጦረኛ ነው፣ ቢዘልም ያምርበታል። የቸገሩኝ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ናቸው። እዚያው ደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑለት፤ ኋላ ተጣልተው መቅደላ ታስረው ሞቱ። መሣሪያቸው ውግዘት ብቻ! የአገሩ ጦር ሁሉ የሚፈራው ውግዘት ነበር፤ ነገር ግን ውግዘት ሲወረወር ካሜራ አያየውም። እንግዲህ መቋሚያቸውን ይዘው አጥር ቢዘልሉልንስ?

የመጨረሻው ትዕይንት ከሁሉ ይብሳል። በ1763 ሠርባኩሳ ላይ የተሸነፉት ራስ ሚካኤል ጎንደር ተመልሰው ባላጋሮቻቸውን ቤታቸው ተቀምጠው ጠበቁ። ተቀምጠው! ይኼን የሚያህል ሰው ተቀምጦ ሲጠብቅ ለማየት ማን ትኬት ይቆርጣል? በእኔ ጽሑፍ በመስኮት ዘልለው ይወጣሉ። በሳቸው ፈንታ የሚዘል የአዘዞ ጎረምሳ አግኝተናል፤ ጢሙን ነጭ እየቀባነው ነው።