ጆሮው የማይዋኝ መሣሪያ

የብረታ ብረት መፈለጊያ፣ በተለምዶ ሜታል ዲቴክተር የሚባለው መሣሪያ፣ በየሆቴሉና በየባንኩ በር ላይ የጥበቃ ሠራተኞች በእንግዳው ወገብ ዙሪያ ከሚያዞሩት አጭር ዱላ ጋር በአሠራር አንድ ቢሆንም፣ በመልኩ ግን ረጅም ዘንግ፣ ከዘንጉ ታች ሰሐን የሚያህል ክብ ጥቅል ሽቦ፣ ከላይ ደግሞ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት ያለው፣ አፈር ወይም አሸዋ የዋጠውን ሳንቲም፣ ሐብልና ቀለበት ለሚፈልግ ሰው የተሠራ ዕቃ ነው። ውሃ የማያስገባው ዓይነት ዛሬ ተራ የገበያ ሸቀጥ ሆኗል፤ ሣጥኑም መሣሪያው በየብስም በውሃ ውስጥም እኩል እንደሚሠራ፣ 3 ሜትር ድረስ ቢጠልቅም አንዳች እንደማይሆን በደማቅ ቀለም ያውጃል። ይህን አዋጅ አምኖ የገዛ ሰው ሣጥኑን ሲከፍት ዘንጉን፣ ጥቅል ሽቦውን፣ ባትሪውንና የጆሮ ማዳመጫውን በየላስቲካቸው ተጠቅልለው ያገኛቸዋል። ዘንጉ ውሃ ይገባል፤ ጥቅል ሽቦውም ይገባል፤ ማዳመጫው ግን አይገባም። ይህን ሻጩ አልተናገረም፣ ሣጥኑም አላወጀም፤ የሚናገረው በመመሪያው ውስጥ፣ ያለቀ ባትሪ የት እንደሚጣል ከሚያትተው ክፍል ጎን፣ በደቃቅ ፊደል የሰፈረ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ እርሱም ለውሃ ውስጥ የሚሆነው ማዳመጫ ለብቻው እንደሚሸጥ ያስታውቃል።

ጉዳዩ ጥቃቅን መምሰሉ አይካድም። ሆኖም የዚህ መሣሪያ ሥራ በሙሉ ድምፅ መሆኑ ሲታሰብ ጥቃቅንነቱ ይቀንሳል፤ መሣሪያው ያገኘውን በጩኸት ይናገራል፣ ሰውየውም ጩኸቱን ሰምቶ ይቆፍራል። በተለይ ውሃ ውስጥ አሸዋው ተበጥብጦ መስኮቱ ላይ ያለው ቁጥር በማይታይበት ጊዜ ከጆሮ በቀር የሚታመን ነገር የለም። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ሲቆም ጆሮው ከእግሩ ጫማ በግምት 1 ሜትር ተኩል ከፍ ይላል፤ ማዳመጫውን ላለማርጠብ የሚጠነቀቅ ከሆነም ማዕበል ሲመጣ ዘሎ፣ ማዕበል ሲመለስ ወርዶ፣ ውሃው ከደረቱ ሳያልፍ መዋል ይኖርበታል። ስለዚህ ግማሽ ለሚያህለው ጥልቀት የተከፈለው ገንዘብ፣ መሣሪያው ያለ ባለቤቱ ብቻውን ወርዶ እንዲዝናናበት የተከፈለ ነው ማለት ይቻላል። ገመድ አልባውን ማዳመጫ እንደ መፍትሔ የሚያቀርቡ አሉ፤ ነገር ግን ብሉቱዝና መሰሎቹ የሬዲዮ ሞገዶች ውሃ ውስጥ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አልፈው የመሄድ አቅም ስለሌላቸው በየብስ ባይሆንም ከውሃ በታች ገመዱ ግድ ነው፤ ገመዱ ደግሞ ውሃ የማያስገባ የራሱ መሰኪያ ያስፈልገዋል፤ መሰኪያውስ ከማን ጋር ይሸጥ ይሆን ብሎ የሚጠረጥር አንባቢ አይፈረድበትም።

ውሃ የማስገባትና ያለማስገባት ነገር መለኪያ የሌለው አይደለም። የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ባወጣው 60529 በተባለው ደረጃ መሠረት አንድ ዕቃ «አይፒ» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ሁለት አኃዝ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው የአቧራ፣ ሁለተኛው የውሃ ነው። ሁለተኛው አኃዝ 7 ከሆነ ዕቃው 1 ሜትር ጥልቀት ላይ 30 ደቂቃ ቆይቶ ፈተናውን አልፏል፤ 8 ከሆነ ከዚያ በበረታ ሁኔታ ተፈትኗል፣ ሁኔታው ምን ያህል እንደበረታ የሚገልጸው ግን አምራቹ ራሱ ነው። ፈተናው የሚካሄደው በንጹሕ ውሃ ስለሆነ ጨው፣ አሸዋና ማዕበል በምስክርነት አልተጠሩም። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በባትሪው ክዳን ላስቲክ ላይ ከተቀመጠች ደግሞ 7ም 8ም ያው ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ለማስረዳት፣ በሰሐኑ ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ። በአንደኛው አቅጣጫውን በፍጥነት የሚለዋውጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ ይህ መስክ ከብረታ ብረት ጋር ሲገናኝ በዚያ ነገር ውስጥ ክብ ሠርቶ የሚዞር ደካማ ጅረት ያስነሣል፤ የተነሣው ጅረት በተራው የራሱን መስክ ይፈጥርና ሁለተኛው ጥቅል ሽቦ ይቀበለዋል። የተመለሰው ምልክት ከተላከው ምን ያህል እንደዘገየ ተለክቶ የተቀበረው ነገር ምንነት ይገመታል፤ ግምቱም ለምሳሌ ከ0 እስከ 99 ባለው ቁጥር መስኮቱ ላይ ይወጣል። ባሕር ዳር ላይ ግን አንድ ችግር አለ፤ ጨዋማ ውሃ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በአንድ ድግግሞሽ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ እርጥብ አሸዋ ላይ ሲደርስ ውቅያኖሱን በሙሉ የተቀበረ ሀብት አድርጎ ይቆጥረውና ያለ ማቋረጥ ይጮኻል። ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ በአንድ ጊዜ በብዙ ድግግሞሽ እየላከ የጨውን ምልክት ለይቶ የሚቀንስ መሣሪያ ሲሆን፣ ሌላው ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለው፣ አጭር ምት ልኮ ዝም በማለት መልሱን የሚያዳምጠው ዓይነት ነው፤ ይህኛው ጨውን ከምንም አይቆጥርም፣ ጠለቅ ብሎም ይፈልጋል፣ ሚስማርን ከወርቅ መለየት ላይ ግን እምብዛም ነው።

መለየት የማይሆንለት መሆኑ የቆየ ሕመሙ ነው። (ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1881 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱ ሰውነታቸው ውስጥ የት እንዳለ የሚጠቁም መሣሪያ ሠርቶ ዋይት ሐውስ ድረስ ሄዶ ነበር። መሣሪያው ጮኸ፤ የጮኸው ግን ፕሬዚዳንቱ በተኙበት ፍራሽ ውስጥ ባለው የሽቦ ሞላ ጭምር ነበር። ሐኪማቸውም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብለው ስለቆረጡ ቤል በቀኝ ብቻ እንዲፈልግ ተፈቀደለት፤ ጥይቱ በግራ ነበር። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 19 ቀን ዐረፉ።

ወደ ዋናው መከራ ሲደረስ፣ የዛሬው መሣሪያ የሚስማርን ነገር በመጠኑ ቢያሻሽልም ሊወጣው ያልቻለው አንድ ፈተና ቀርቶታል፤ ይኸውም የጣሳ መጠጥ መክፈቻ ነው። አንድ መካከለኛ የወርቅ ቀለበት መስኮቱ ላይ የሚሰጠው ቁጥርና ከአሉሚኒየም የተሠራው የጣሳ መክፈቻ የሚሰጠው ቁጥር ይደራረባሉ። መሣሪያው ያልተፈለገ ቁጥር ሲያጋጥመው እንዳይጮኽ ማዘዝ ይቻላል፤ የመክፈቻውን ቁጥር ዝም ያሰኘ ሰው ግን የወርቁንም ዝም አሰኝቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህች መክፈቻ ከመጠኗ በላይ ታሪክ አላት። ቀድሞ የቢራ ጣሳ የሚከፈተው ለብቻው በሚያዝ መብሻ ነበር። በኦሃዮ ግዛት የዴይተን ነዋሪ የነበረው ኤርማል ፍሬዝ በ1959 ከቤተሰቡ ጋር ሽርሽር ወጥቶ መብሻውን በመርሳቱ ጣሳውን በመኪናው መከላከያ ብረት ለመክፈት እንደተገደደ ይተረካል፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ ያወጣው መላ፣ ከክዳኑ ጋር ተያይዛ የምትቆይ፣ በጣት ስትሳብ ቁራሽ ክዳን ይዛ የምትነቀል መክፈቻ ሆነች። በ1962 አይረን ሲቲ የተባለው የፒትስበርግ ቢራ ይዟት ገበያ ወጣ፤ በ1963 ፍሬዝ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን አገኘ። ከዚያ በኋላ ጠጪው ሁሉ በአንድ እጁ ጣሳ፣ በሌላ እጁ ስለታም ቁራጭ ብረት ይዞ ቀረ፤ ጣሳውን ጠጣው፣ ቁራጩን ጣለው። ባሕር ዳር በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ተረከዙን ተቆረጠ፤ ቁራጩን ላለመጣል ብሎ መልሶ ጣሳው ውስጥ የጨመረው ጨዋ ሰው ደግሞ ከቢራው ጋር የሚውጠው ጊዜ ነበር። የኦሬገን ግዛት በ1971 ባወጣው ሕግ ተነቃይ መክፈቻ ያለው ጣሳ እንዳይሸጥ ከለከለ። በ1975 ደግሞ ዳንኤል ከዚክ የሬይኖልድስ ሜታልስ ኩባንያ ባልደረባ ሳለ ክዳኑን ወደ ውስጥ ገፍታ ራሷ ከጣሳው ሳትለይ የምትቀረውን፣ ዛሬ በየለስላሳው ላይ የምትታየውን መክፈቻ አቀረበ። የድሮዋ መክፈቻ አንድ በጎ ነገር ትታለች፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች አፈር ውስጥ ሲያገኟት ያ የአፈር ንጣፍ ከ1960ዎቹ በፊት ያልነበረ መሆኑን ያውቃሉ።

እንግዲህ መፍትሔው ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈው፣ አሸዋው ውስጥ ያለው አዲሱ መክፈቻ ከየት መጣ? የመጣው ከሰው ነው። አንድ መሐንዲስ ተጨንቆ፣ ተጠብቦ፣ እንዳትነቀል አድርጎ የሠራትን ነገር፣ አንድ የረባ ምክንያት የሌለው ሰው ወንበሩ ላይ ተንጋልሎ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደፊትና ወደኋላ እያጠማዘዘ እስክትሰበር ድረስ ይታገላታል፤ ስትሰበርም አያስቀምጣትም፣ አሸዋ ውስጥ በአውራ ጣቱ ይወጋታል። ጣሳው ከተከፈተ ቆይቷል፤ ነቅሎ የሚጨምረው ጥቅም፣ የሚቆርጠው ጥም፣ የሚያገኘው ደስታ የለም። በሌላ ቀን፣ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመ ሌላ ሰው፣ ታቹ በቀዳዳ የተበሳሳ ረጅም እጀታ ያለው የብረት መዛቂያ በእግሩ እየረገጠ አሸዋ ውስጥ ይተክላል፤ ማዕበል እየገፋው ጎትቶ ያወጣል፤ ያንገዋልላል፤ ውሃው በቀዳዳዎቹ ሲወርድ ታቹ ላይ ዛጎል፣ ጠጠር፣ ከዚያም ጨው ነጭ ያደረጋት አንዲት የተጣመመች መክፈቻ ትቀራለች። አስር ክንድ ሳይሄድ ሌላ አለች። መክፈቻ የሚነቅል ሰው መቀጮ ሊጣልበት ይገባል ማለት ያንሰዋል፤ የነቀላቸውን ሁሉ መሣሪያ ተሰጥቶት፣ ያውም ደረቁ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ተደርጎ፣ አንድ በአንድ እንዲለቅም ሊፈረድበት ይገባል።

ፍርዱ ሳይከብድ አልቀረም። ሥራ የፈታ ጣት የያዘውን ማጠማዘዙ ያለ ነው፤ በአሜሪካም መክፈቻዎቹን ሰብስበው ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጡ ሰዎች ስላሉ፣ ከነቃዮቹ መካከል አንዳንዱ ለጽድቅ የነቀለ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ደግሞ ነገሩ ከጣሳ ይልቅ የጠርሙስ ስለሆነ ጣጣው በቆርኪ በኩል ነው። ዊልያም ፔይንተር በ1892 ባልቲሞር ላይ የፈጠራ መብቱን ያገኘበት ቆርኪ ከስስ ብረት የሚሠራ በመሆኑ መሣሪያውን ያታልለዋል፤ ብዙ ጊዜም ሳንቲም የተገኘ ያስመስላል። ሆኖም የአገሩ ሰው ቆርኪን ዝም ብሎ አይጥልም፤ በመጀመሪያ ከሥሩ ሽልማት ይኑር እንደሆነ ገልብጦ ያየዋል፣ ሽልማት ያጣው ቆርኪም ለዳማ ጠጠርነት ይፈለጋል፤ አንዱ ተጫዋች በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው እያስቀመጠ ይጫወትበታል።

ላንጋኖ ላይ የሠርግ ቀለበት የጠፋበት ሰው ይህን መሣሪያ ቢከራይ የሚገጥመውን መገመት አያዳግትም። ውሃው ቡናማ ስለሆነ መስኮቱ አይታይም፣ ስለዚህ ማዳመጫው ወሳኝ ነው፤ አካባቢው እሳተ ገሞራ የሠራው ስምጥ ሸለቆ በመሆኑ ማግኔታይት የተባለውን የብረት ማዕድን የያዙ ድንጋዮች አሉት፣ መሣሪያውም ድንጋዩን ብረት ነው ሊል ይችላል። ከቀለበቱ ይልቅ ጥንታዊ ዕቃ ካገኘ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው፣ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል እንዲነገር ያዛል። ፍሎሪዳም ከዚህ አይለይም። በ1715 ጁላይ መጨረሻ ላይ 11 የስፔን መርከቦች በአውሎ ነፋስ የሰጠሙበት የምሥራቁ ጠረፍ እስከ ዛሬ ሳንቲም ይተፋል፤ ኪፕ ዋግነር የተባለው ሰው በ1950ዎቹ ከጦር ሠራዊት በተረፈ የፈንጂ መፈለጊያ አሸዋውን እያሰሰ ነበር ታሪኩን የጀመረው። ዛሬ ግን በግዛቱ ይዞታ ባለ ውሃ ሥር ያለ ታሪካዊ ቅርስ የግዛቱ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይነሣም። ማዳመጫውን ለብቻው የገዛ ሰው ፈቃዱም ለብቻው መሆኑን የሚረዳው ያኔ ነው።

በእንግሊዝ አገር ግን ውሃም የውሃ ማዳመጫም ሳያስፈልግ የተሳካ አንድ ፍለጋ አለ። በ1992 ኖቬምበር 16 ቀን፣ በሰፎክ አውራጃ ሆክስን በተባለ መንደር፣ አንድ ገበሬ እርሻው ውስጥ መዶሻ ጠፍቶበት የብረታ ብረት መፈለጊያ ያለውን ወዳጁን ጠራ። ወዳጁ ሲፈልግ ያገኘው ከሮማውያን ዘመን የተቀበረ ሀብት ሆነ፤ 15,000 የሚጠጉ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች፣ ከእነርሱም ጋር ጌጣጌጥና የብር ማንኪያዎች። ቆፍረው ሳይጨርሱ ለባለሥልጣን ነገሩ፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎችም ደርሰው በሥርዓት አወጡት። ለአግኚው 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለው፣ ከገበሬውም ጋር ተካፈለው። መዶሻውም በፍለጋው ተገኝቷል፤ አሁን ያለው ከሀብቱ ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ስለዚህ ገበሬው መዶሻ አስፈልጎት ጠርቶ፣ ሀብት አግኝቶ፣ ያለ መዶሻ ቀርቷል። ሌላ መግዛት እንዳላቃተው ግልጽ ነው፤ ሆኖም አዲስ መዶሻ እጅ እስኪለምደው ድረስ ከሚስማሩ ይልቅ አውራ ጣትን እንደሚመርጥ የአናጺ ጎረቤት ያለው ሁሉ ያውቃል።