መቆሟንስ ማን ጠየቀ?

መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ቀለሙን ይደባብሳል፣ "ቪትዝ እኮ ናት፣ ነዳጅ አታውቅም" ሲሉት ፊቱ ይፈካል። "አቋቋሟስ እንዴት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። መቆሙን መስታወቱ ላይ ለለጠፍነው ቅዱስ ገብርኤል ትተንለታል።

ወዳጄ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲያወርደኝ እግሩ ከፍሬኑ ላይ አልተነሳም። "በከባድ ማርሽ ውረድ እንጂ" ብለው፣ "ከባድ ማርሽ ለዳገት ነው" አለኝ። መሪው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። "መንገዱ ነው" ይላል፤ አስፋልቱ ላይ አንድ ጉድጓድ የለም። ጎማው ሲጢጥ ሲል ደግሞ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል። ያ ጩኸት እኮ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ብዙ የፍሬን ሸራ ላይ ቀጭን ብረት አለ፣ ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን እየነካ "ኧረ ድረሱልኝ" የሚል።

በግድ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ የፊት ጎማ ፈታ። ዲስኩ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ክብ ብረት ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋና ሸራዎቹ ከግራ ከቀኝ ይነክሱታል። የመኪናው ሩጫ በሙሉ ሙቀት ሆኖ እዚያ ይራገፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ቁልቁለቱን ሙሉ ሲረገጥ የወረደ ዲስክ ታዲያ መቼ ይቀዝቅዝ?

የወዳጄ ዲስክ ጠርዙ ላይ ጥፍር የሚይዝ ከንፈር አውጥቷል፤ ፊቱ በቃጠሎ ሰማያዊ ሆኗል። መካኒኩ ውፍረቱን ዙሪያውን እየዞረ ለካው፤ አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ሳሳ ያለ ነው። መሪውን የሚያንቀጠቅጠው ይኸው ነበር።

"ቶርኖ ቤት ቢላጥስ?" አለ ወዳጄ።

"ጋሼ፣ ምኑ ይላጣል?" መካኒኩ ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ጠርጎ አሳየው። ከዚያ ውፍረት በታች የወረደ ዲስክ ይጣላል እንጂ አይላጥም፤ የእሱ ሳይላጥም ወርዷል።

"እሺ፣ የባሰበትን አንዱን ቀይረው።"

"አንዱ ወገን ይዞ ሌላው እምቢ ሲል መኪናዋ ወዴት እንደምትዞር ያውቃሉ?"

ወዳጄ በረጅሙ እየተነፈሰ ከፈለ። ሁለቱም ከነሸራቸው ተቀየሩ። መካኒኩ ቁልፉን ሲመልስለት፣ "ለጊዜው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኃይል አይርገጡት፤ ሸራውና ዲስኩ ይላመዱ" አለው።

ወዳጄ ወደ እኔ ዞረ፤ "ሰማኸው? ይህን ሁሉ ብር የከፈልኩት ላልረግጠው ነው!"