የመሐሉ ጢም

የጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ ስም የተቀረጸበትን ምላጭ ከመርካቶ ስገዛ፣ ሻጩ ‹‹ይሄ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው›› አለኝ። ወደ ቀንድ እጀታው የሚታጠፍ፣ ግርማ ያለው ዕቃ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ አይቆርጥም።

በግቢያችን ቧንቧ ሥር የሁሉም የሆነ መሳያ ድንጋይ አለ። የሽንኩርቱም የበጉም ቢላ እዚያ ይሳላል። ምላጬም ተራው ደረሰውና ተሳለ፤ ጫፉን ክንዴ ላይ ስሞክረው ጸጉሩን ሙልጭ አደረገው። በማግስቱ ለሽምግልና ስለምንሄድ ሳሙና ተቀብቼ ተላጨሁ። ፊቴ ግን በመስመር የታረመና ያልታረመ የጤፍ ማሳ መሰለ። የግቢያችን እትዬ አይተውኝ ‹‹ልጄ፣ ልጅቷን ልትለምን ነው ወይስ ልታስፈራራ?›› አሉ።

የሰፈራችን አንጋፋ ጸጉር አስተካካይ ዘንድ ሮጥኩ። ‹‹ጋሼ፣ ምላጩ ፎርጅድ ነው መሰለኝ።›› ምላጩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ‹‹ድንጋዩን አምጣው!››

ድንጋዩን ሳመጣላቸው ማስመሪያ በጎኑ አቆሙበት፤ ከሥሩ ብርሃን አለፈ። የስንት ዓመት ቢላ መሐሉን በልቶታል። የምላጩን ስለት ከዳር እስከ ዳር በማርከር ቀብተው ድንጋዩ ላይ ጥቂት ቢገፉት፣ የሁለቱ ዳር ቀለም ጠፋ፤ የመሐሉ እንዳለ ቀረ።

የዚህ ምላጭ ብልሃቱ ጀርባው ነው። ጀርባውና ስለቱ አብረው ድንጋዩ ላይ ካረፉ፣ ማዕዘኑን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። ከእጅ የሚጠበቀው አለመጫን ብቻ ነው፤ ለጥ ማለት ያለበት ድንጋዩ ነው። ጋሼ ድንጋዩ ላይ በእርሳስ መስመር አሰማመሩና፣ መስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት መስመሩ ሁሉ እስኪጠፋ ፈገፈጉት። ከዚያ የራሳቸውን ድንጋዮች አወጡ። ምላጩ ከድንጋዩ ወርድ ስለሚረዝም ስለቱን አስቀድመው፣ ከእጀታው በኩል ጀምረው በሰያፍ እየገፉ ጫፉ ላይ ይጨርሳሉ፤ ሲገለብጡትም በጀርባው ነው። በ1000 ቁጥሩ ስለት አወጡለት፤ በ8000 አለሰለሱት፤ በመጨረሻ ጀርባውን አስቀድመው ቆዳ ላይ ወለወሉት።

ሽምግልናው ሰመረ። ጣጣው የመጣው ከድንጋዩ ነው፤ ለጥ ማለቱ ሲሰማ የግቢው ቢላ ሁሉ ተሰለፈ፤ እትዬም መጥረቢያቸውን ይዘው መጡ። ሁሉም የሚስለው መሐል ለመሐል ነው። ‹‹እባካችሁ ዳር ዳሩንም ተጠቀሙ›› የሚል ወረቀት ብለጥፍ፣ አንዱ ከሥሩ ‹‹ሽማግሌ ላክብን›› ብሎ ጻፈበት።