ናፍጣዎን በፍቅር ያክሙ

ፒክአፕዎ ጠዋት አልነሳም ካለ፣ ዳገት ላይም ጥቁር ጭስ ከተፋ፣ አይደንግጡ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የናፍጣው ነው። ናፍጣ ደግሞ ይታከማል። አዲቲቭ የሚባለው መድኃኒቱ በጠርሙስ ታሽጎ መለዋወጫ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ቀስ ብለን አብረን እንሂድ።

መጀመሪያ ናፍጣውን ካገኙበት ይቅዱ። የማደያው ወረፋ ከረዘመ ከመንገድ ዳር በጄሪካን ይግዙ። ጄሪካኑ ትናንት የምግብ ዘይት፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ውኃ ይዞ ሊሆን ይችላል። ውስጡን አይመልከቱ፤ ሻጩ ቅር ይለዋል። ሽታው ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ካለ አፍንጫዎን ይጠራጠሩ። በእርግጥ ነጭ ጋዝ የናፍጣን የማለስለስ ኃይል ይቀንሳል፤ ፖምፓው ውስጡ የሚለሰልሰውም በራሱ በናፍጣው ነው። ታዲያ ጠርሙስ የምንገዛው ለዚህ አይደል? ጥሩ ናፍጣ ከቀዱ አዲቲቩ ምን ሊሠራ ነው?

ቀጥሎ ጠርሙስ ይምረጡ። ሥዕሉን ይዩ። የእሽቅድምድም መኪና ያለበት ይሻላል። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል «ኦክቴን» የሚል ካዩ ቶሎ ያዙሩት። ኦክቴን የቤንዚን ጉዳይ ነው፤ ነዳጁ ያለጊዜው በራሱ እንዳይቀጣጠል መቋቋሙ የሚለካበት። ናፍጣ የሚወደድለት በተቃራኒው ነው፤ ቶሎ በመቀጣጠሉ። መለኪያውም ሴቴን ይባላል። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። ሻጩ ይህን ካላነሳ እርስዎም አያንሱ። ሰውን በሥራ ቦታው ማሳፈር ነውር ነው።

«ሴቴን» የሚል ካገኙ ደግሞ እሰየው። ይህኛው ውሸት አይደለም። ሴቴን ከፍ የሚያደርግ ኬሚካል አለ፤ የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካዎች ራሳቸው ይጠቀሙበታል። እነሱ ለክተው ነው የሚጨምሩት። የአውሮፓ ደረጃ ቢያንስ 51፣ የአሜሪካው ቢያንስ 40 ሴቴን ይጠይቃል። የእርስዎ ጄሪካን ስንት ነው? አይጨነቁ። ጠርሙሱ አራት እጨምራለሁ ካለ፣ በምን ላይ እንደሚጨምር መጠየቅ ምስጋና ቢስነት ነው።

የብርዱንም አይርሱ። ብርድ አገር ናፍጣ ውስጥ ያለው ሰም ይረጋና ፊልትሮ ይደፍናል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጠርሙስ አለ። የሚሠሩት ሰመራና ድሬዳዋ ቢሆንም ይጨምሩ። ዓመት ሙሉ ሲጨምሩ ናፍጣዎ አንድ ቀን ረግቷል? አልረጋም። መድኃኒት ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሰልባትዮ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል። ውኃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ድንበር ላይ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ የሚተዉት አተላም ፊልትሮውን ይደፍናል። ለውኃ የሚሸጠው አዲቲቭ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውኃውን ሰብስቦ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ሁለተኛው በትኖ ከናፍጣው ጋር በኖዝሉ በኩል ያሳልፈዋል። ሁለቱንም ይግዙ። አንድ ላይ ያፍስሱ። እዚያው ተመካክረው ይስማሙ።

ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ስትላላ የተጠራቀመው ውኃ ይወርዳል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ስለዚህ አይንኳት። በነጻ የዳነ መኪና የት ያውቃሉ? ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ የፊልትሮ መብራት ከበራ ጥሩ ጥቅስ ያለበት ስቲከር ይለጥፉበት። አዲስ ፊልትሮ ይግዙ የሚልዎ ካለ የፊልትሮው ዋጋ ስንት ጠርሙስ እንደሚገዛ አስልተው ያሳዩት።

መጠኑን በተመለከተ ለጋስ ይሁኑ። ለ60 ሊትር የተባለውን ለ20 ሊትር ያፍስሱ። የሰፈሩ መካኒክ የተቃጠለ ዘይት አንድ ኩባያ ጨምሩበት ካለም ምክሩን አይናቁ፤ በነጠላ አጥልለው ይጨምሩ። የዘመኑ ናፍጣ ሞተር ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ በማይክሮን በሚለካ ክፍተት ነው ናፍጣውን የሚረጨው። ስለዚህ ነጠላዋ በደንብ የታጠበች ትሁን።

ውጤቱን መለካት አለብዎት፤ ያለ ማስረጃ የሚናገር ሰው አንወድም። አዲቲቩን ሳይጨምሩ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ይንዱ። የፈጀውን ናፍጣ ይመዝግቡ። ከዚያ አዲቲቩን ጨምረው ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ይንዱ። ልዩነቱ ያስደንቅዎታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር፣ አዳማ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ መሆናቸውን የሚያነሳ ጓደኛ ካለዎት ለጊዜው ይራቁት። እሱ ለመኪናዎ በጎ አያስብም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ኖዝሉ ከሞተ አይዘኑ። ባይጨምሩለት ኖሮ ቀደም ብሎ ይሞት ነበር። አዲስ ኖዝል ያስገቡ። በዚያው ዕለት፣ ገና ናፍጣውን ሳይለምድ፣ አዲስ ጠርሙስ ይክፈቱለት።

ፒክአፑን ለመሸጥ ከወሰኑ ደግሞ የተረፉትን ጠርሙሶች ለገዢው ይመርቁለት። ፊልትሮውን ፈትቼ ልይ ካለ ግን እንደቸኮሉ በትሕትና ይንገሩት።