ሽቦ የያዘ መንገደኛ

ሽቦ ይዞ አየር ማረፊያ መግባት የትም አገር ቢሆን አያዋጣም። እኔ ደግሞ በእጅ ሻንጣዬ ይዤ የገባሁት ሳጥን ሙሉ በሙሉ በሽቦ የተጌጠ ነበር።

ሳጥኑን የገዛሁት ሜይንፑሪ ነው። ከአግራ በስተምሥራቅ የምትገኝ፣ ታጅ ማሃልን ሊያይ የመጣ ቱሪስት ዞር ብሎ የማያያት ከተማ ናት። እዚያ ሺሻም በሚሉት ጠንካራ ቡናማ እንጨት ላይ የናስ ሽቦ ይቀብራሉ፤ ሙያው ታርካሺ ይባላል። ግራውዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሹም እ.ኤ.አ. በ1888 ስለ ሙያው ጽፏል። ባለሙያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በቀጭን መሮ የእንጨቱን ገላ ይሰነጥቃል፤ ከናስ ቆርቆሮ የተቆረጠውን ቀጭን ዘለላ በጠርዙ ያቆምና በመዶሻ ቀስ እያለ መትቶ ያስገባዋል። ነጥብ ሲፈልግ ደግሞ ሽቦውን እንደ ቀንድ አውጣ ጠቅልሎ፣ ከምስር ፍሬ ያነሰች ክብ አድርጎ፣ በቀዳዳዋ ይቀረቅራታል። የእኔ ሳጥን ላይ ያለው ዝሆን ዓይኑ እንዲህ ነው የተሠራው። መጨረሻ ላይ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅና ይወለወላል።

ፍተሻው ላይ ሳጥኑ ማሽን ውስጥ ገባ፤ መስመሩም ቆመ። የፍተሻ ማሽን ለእንጨት ደንታ የለውም። ስክሪኑ ላይ እንጨቱ ደብዝዞ ጠፍቶ ዝሆኑ ብቻውን፣ ኩምቢውን እንደሰቀለ፣ ካልሲዎቼ መካከል ቆሟል። ባለሙያው እንኳ ሥራውን እንዲህ ጥርት ብሎ አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ ፈታሿ።

«ዝሆን ነው፣ ማዳም።»

«ዝሆን መሆኑንማ አየሁ። ሽቦው ከምን ጋር ነው የተያያዘው?»

«ከእንጨት ጋር።»

«ሌላኛው ጫፉስ?»

«እሱም ከእንጨት ጋር።»

መልሱ እውነት ቢሆንም እንዳላማራት ፊቷ ላይ አየሁ። ሳጥኑን አውጥታ በጣቷ ዳበሰችው፤ በጥፍሯም ሞከረችው። ጥፍሯ ከናሱ ወደ እንጨቱ፣ ከእንጨቱ ወደ ናሱ ሳያደናቅፈው ተንሸራተተ። ማሽኑ አለ የሚለውን ሽቦ እጇ የለም ስላላት ጭራሽ ጠረጠረችና አለቃዋን ጠራች።

ከኋላዬ የተሰለፉ አዛውንት መቆሙ ሳይሰለቻቸው አይቀርም፤ ጣልቃ ገቡ። «ታርካሺ ነው እኮ! አያቴ የዚህ ዓይነት የእንጨት ጫማ ነበራቸው፤ ቆዳ ለጸሎት ስለማይሆን።» ጫማው በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል በምትገባ እንቡጥ ብቻ እንደሚያዝ ሊያሳዩን የራሳቸውን ጫማ አወለቁ። ለማንኛውም ለፍተሻው ማውለቃቸው አይቀርም ነበር።

አለቃው መጣ። ሳጥኑን ከፈተ፣ ገለበጠ፣ አንኳኳ፣ አሸተተ። የፈራሁት ስለ ፈንጂ የሚጠይቀኝን ነበር።

«ስንት ገዙት?»

ነገርኩት። መስመሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ አጉረመረመ፤ አዛውንቱም ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተዘርፈዋል፣ ጌታዬ» አለኝ አለቃው፣ የሕግ አስከባሪ ድምፁን ሳይለውጥ።

ይህን እንኳ ዝም ብዬ አላልፈውም አልኩ። ባለሙያው ለአንዲት ነጥብ ስንት ጊዜ እንደሚጎነበስ፣ አንድ የመሮ ስህተት የስንት ቀን ሥራ እንደሚያበላሽ አንድ በአንድ ላስረዳው ገና ጉሮሮዬን ስጠራርግ ሳጥኑን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠልኝና በትከሻዬ አሻግሮ ተጣራ።

«ቀጣይ!»