የጉልበት ሠፈሯ ሼድ

የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. በተመረቀ ማግስት፣ የማታ ሺፍት ወጥቶ ሰርቪሱ ሲሄድ ሼዶቹ ይነጋገሩ ነበር አሉ። ሕጋቸው አጭር ነው፦ ሥራ ሲበዛ ሼድ ሌላ ሼድ ትወልዳለች፤ ይበቃል ሲባል ታቆማለች፤ ያረጀች መብራቷን አጥፍታ ቦታ ትለቃለች። ስትወልድ የንድፍ መጽሐፏን ሁለት ቅጂ አድርጋ፣ በቀጫጭን ክሮች ወዲህና ወዲያ ስባ ትከፈላለች።

የሰው አካልም እንዲህ ያለ ፓርክ ነው፤ ሼዶቹ ሴሎች ናቸው። በዚያም ጉልበት ሠፈር በሚሉት ማዕዘን አጥንት የምትገነባ አንዲት ወጣት ሼድ ነበረች። ቁመት በሚመዘዝበት እድሜ ሥራው ይበረታል፤ ኦስቲዮሳርኮማ የሚሉት የአጥንት ካንሰርም ብዙ ጊዜ የሚነሳው በዚሁ እድሜ፣ በዚሁ በጉልበት አካባቢ ነው። ማሽን ላይ የሚቀመጡት የስፌት ልጆች ከዚያ እድሜ ገና መውጣታቸው ስለሆነ፣ ይህን ተረት ለእነሱ ብዬ አወራዋለሁ።

አንድ ቀን ሼዷ «ይበቃል» የሚለውን ድምፅ መስማት ተወች። ወለደች፤ ልጆቿም ወለዱ። የጎረቤቶቿን መብራትና ውሃ ወደ ራሷ ሳበች። የምታቆመው ምሰሶ ግን ጠማማና ተሰባሪ ሆነ። ጎረቤቶቿ አዩ፤ ነገር ውስጥ መግባት ፈርተው ዝም አሉ።

ዕፅዋት መከሩ። በኦሮምኛ ኮምቦልቻ የምትባለው አሮጊቷ አጣጥ «ልጄን እልካለሁ» አለች። ልጇስ በእርግጥ አለች፦ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ዝርያ ሞሪስ ኩፕቻን የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስትና ባልደረቦቹ አውጥተው በ1972 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጓት ሜይታንሲን ናት። ሙያዋ የመከፈያውን ክር እንዳይሠራ መያዝ ነው። ከማዳጋስካር አበባ የተገኘችው ቪንክሪስቲንም ሙያዋ ያው ነበርና አብራት ወጣች።

ገቡ። ብዙዎቹ ሼዶች ክራቸው ጠፍቶ ቆሙ፤ ሠፈሩ እልል አለ።

ጥቂቶቹ በር ላይ ግን ዘበኛ ነበር። ዘበኛው ለክፋት አልተፈጠረም። በአንጀት፣ በጉበት፣ በኩላሊት በር ቆሞ ባዕድ መርዝ ሲያስወጣ የኖረ፣ አገር የሚያመሰግነው ነው። ሳይንቲስቶች በ1976 እ.ኤ.አ. የለዩት ፒ-ግላይኮፕሮቲን እሱ ነው።

«ማን ልበል፣ ልጄ?» አላት።

«የአጣጥ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ። ቤቱ ታሟል።»

«ስለ ቤቱ አልተጠየቅሁም። እንግዳ ማስወጣት ነው ሥራዬ።» አንጠልጥሎ አወጣት። ተመልሳ ገባች፤ ደግሞ አወጣት። ላስወጣው ለእያንዳንዱ ስንቅ ይበላል፤ ሼዷም ከጎረቤት የዘረፈችው ሞልቷታልና አታጓድልበትም። ቪንክሪስቲንን አይቷት አያውቅም፤ እሷንም ወረወራት። የተለያየ አገር፣ የተለያየ መልክ ያላቸውን ሁሉ በአንድ በር የሚያስወጣ ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ተግሣጽ የሚሰሙት ሼዶች ቀድመው አለቁ። ባለዘበኞቹ ቀሩ፣ ባዶውን ቦታ ወረሱ፤ የወለዷቸውም በየበራቸው ብዙ ዘበኛ አቆሙ። መድኃኒቱ ሠፈሩን ሲያጠራ ያስቀረው እምቢተኞቹን ነው።

«ዘበኞችን ሁሉ እናስተኛ!» አሉ ቁጡዎቹ። ሞከሩት። ዘበኛ ሲተኛ የጤነኞቹም በር ተከፈተ፤ የአጣጥ ልጅና ጓደኞቿ ከአካል ቶሎ መውጫ አጥተው ንጹሐኑን አቃጠሉ። ኩላሊት «እኔን ምን አደረግኋችሁ?» ብላ ጮኸች።

አጣጥ አዘነች። «ልጄ ብቻዋን በየበሩ አትንከራተት፤ የጥፋተኛዋን ባጅ የሚያነብ መልእክተኛ ይዟት ይሂድ» አለች። ሆነም፤ ከሜይታንሲን ተሻሽሎ ከአንቲቦዲ ጋር የታሰረ መድኃኒት በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። ያ መልእክተኛ የሚያነበው ኸር-2 የተባለውን ባጅ ነው። ለጉልበት ሠፈሯ ሼድ የሚሆነው ገና እየተፈለገ ነው።

ያኔ ጎረቤት ሼዶች «እስከዚያ ምን እናድርግ፣ እማማ?» ብለው ጠየቁ።

«መብራታችሁ ሲሳብ ለምን ዝም አላችሁ?» አለቻቸው። «አሁንስ ጩኹ። ሌሊት ሌሊት ጉልበቷን የሚያማት፣ እብጠቱ አልጠፋ ያላት ልጅ ካለች፣ ማሽን ላይ መዋል ነው ያመጣብኝ ብላ እንዳትተወው። ሐኪም ጋ ውሰዷት፣ ራጅ ትነሳ። ሼዷ አንዲት ሳለች፣ ዘበኞቿም ሳይበዙ።»