ሸጦ የሄደ አይመለስም

ሰሜን ሸዋ፣ ጣርማ በር ላይ ክረምት ማለት ጉም ነው። ከታች፣ ከደብረ ሲና በኩል ገደሉን ይዞ ይወጣና ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ አፍ ላይ ይተኛል። መኪናው በቀትር መብራት አብርቶ ያልፋል። እኛ ደግሞ ጣሪያችን ላይ ወዳለው ሶላር እናንጋጥጣለን፤ ማታ መብራቱ እስከ ስንት ሰዓት ይቆይልን ይሆን እያልን። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቀው ይህንኑ ነው፦ «የናንተስ ይሠራል?» «ኧረ የኛስ ሞተ።»

እዚህ አገር ሶላር የሚገዛ ሰው ትርፍ ገንዘብ ኖሮት አይደለም። በግ ሸጦ፣ ዕቁብ ጠብቆ፣ ከዘመድ ተበድሮ ነው። የኩራዙ ጭስ የልጆቹን ዓይን ስላቃጠለው፣ ሌሊት በግ ስትወልድ በስልክ መብራት መንከላወስ ስለመረረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 አገሩ ሁሉ መብራት ያገኛል፤ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ ብሎ ነበር። 2025 አለፈ። ከመንገዱ ራቅ ብለን ለምንኖር ለእኛ ያለችው መብራት ዛሬም በገዛ ገንዘባችን ጣሪያ ላይ የሰቀልናት ናት። እሷም አላስተኛ አለችን።

መጀመሪያ የሚያናድደው ጽሑፉ ነው። ፓኔሉ ጀርባ ላይ «100 ዋት» ይላል፤ ሻጩም መቶ ዋት ይላል። ያ ቁጥር የተለካው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ዋት ብርሃን ወርዶ፣ ፓኔሉ 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሆኖ መሆኑን ግን የሚነግርህ የለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ውርጩ ሲነክስ፣ ቀትር ላይ ወደ መቶው ይጠጋል፤ ብርድ ለፓኔል ይስማማዋል። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ሲጋርደው ግን ከመቶው ሃያም ላይገኝ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ወይ ፓኔል ይጨምራል፣ ወይ ቴሌቪዥኑን ለበጋ ያቆየዋል። ያልተነገረው ሰው ግን ተበላሸ ብሎ ይተክዛል። ይኼ ዕቃው ኦርጅናል ሲሆን ነው። ጽሑፉ ራሱ ውሸት የሆነበትን የገዛ ለማን ይጮኻል?

ቀጥሎ የሚመጣው ፓኔሉን የሚገጥመው ሰው ነው። የእኔን የገጠመው ልጅ በአንድ ሰዓት ጨርሶ ሄደ። ፓኔሉን ወደ ደቡብ ክፉኛ አዘንብሎ አቆመው። እኛ ያለንበት ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ በሰኔ ፀሐይ ከራሳችን በላይ አልፋ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ዝናብ አቧራውን የሚያጥብበት ትንሽ ዘንበል ማለት ይበቃ ነበር። ደግሞ እንደዚያ የቆመ ፓኔል ለጣርማ በር ነፋስ ሸራ ነው፤ አንድ ሌሊት ቆርቆሮውን ከነምስማሩ ሊያነሣው ደረሰ። ገመዱም ቀጭን ነው። በ12 ቮልት ያንኑ ዋት ለማስተላለፍ ከ220 ቮልቱ 18 እጥፍ ያህል ኮረንቲ ገመዱ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ በቀጭን ገመድ ሲሆን ጉልበቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ምስማሩ የገባበት ቀዳዳ ደግሞ እስካሁን እህሉ ላይ ያንጠባጥባል።

የባትሪው ነገር ግን ከሁሉ ይብሳል። አሲድ ያለበት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሲሞላ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም፤ ስለዚህ ለእኛ የሚተርፈው 600 ነው። በዚህ ላይ ብርዱ አለ፤ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ባትሪው ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አራት ባለ 5 ዋት አምፖል አምስት ሰዓት ቢበራ የሚፈጀው 100 ዋት ሰዓት ብቻ ነውና፣ ለመብራት ብቻ ቢሆን በቂ ነበር። ለብዙዎቻችን የተሸጠልን ግን የመኪና ባትሪ ነው። እሱ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት፣ ላንድ አፍታ ብዙ ጉልበት ለመስጠት ነው እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ ለመንጠፍ አይደለም። ዓመት ሳይሞላው አልይዝ ይላል።

ደግሞ ስልኩ አለ። መንደሩ ውስጥ አንድ ቤት ሶላር ካለ የመንደሩ ስልክ ሁሉ እዚያ ያድራል። እንዴት እንቢ ይባላል? ልጇ አዲስ አበባ ያለባት እናት ስልኳን ይዛ በር ላይ ስትቆም «ባትሪው አይችልም» ማለት ነውር ነው። አሥር ስልክ ሲሞላ ግን 150 ዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ከአራቱ አምፖል ይበልጣል። ሲገጠም «ጎረቤትስ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀን የለም። የገጠር ቤት ለብቻው እንደማያበራ የማያውቅ ሰው ነው ሒሳቡን የሠራልን።

ሲበላሽ ደግሞ እንግልቱ ይጀምራል። ባትሪውን ተሸክመህ እስከ አስፋልቱ ትወርዳለህ፤ ሚኒባሱ የዕቃ ብለህ ጨምር ይልሃል፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘህ ደብረ ብርሃን ትደርሳለህ። የሸጠልኝ ሱቅ «የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለሩ ነው» አለኝ። ሌላው «ባትሪው ነው» አለኝ። ሦስተኛው ሳያየው «ቀይረው» አለኝ። ዋስትናው የት አለ ስል የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ማኅተም እንኳ የለም። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ በመጨረሻ የተገኘው የተቃጠለ ፊውዝ ነበር። የአንዲት ፊውዝ ብልሽት ሦስት ሳምንት ጨለማ አሳደረን።

ጥፋቱ የፀሐይዋ አይደለም፣ የጉሙም አይደለም። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ሬማ በምትባል የገጠር ከተማ፣ የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን ከ1000 በላይ ቤቶችን በሶላር አብርቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራው የአሽደን ሽልማት አግኝቷል። ቁም ነገሩ ፓኔሉ አልነበረም። ባለቤቶቹ በየወሩ ትንሽ ይከፍሉ ነበር፤ ያ ገንዘብ ለጥገና ይውል ነበር። ለጥገናውም የአገሩ ልጆች እዚያው በተከፈተ ትምህርት ቤት ሠለጠኑ። መብራት ሲጠፋ የሚጠራ ሰው ነበራቸው። እኛ ያጣነው ይህንን ነው። ሰው በሌለበት ሶላር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ፖሊቴክኒክ ኮሌጅም ያላት ከተማ ናት። ከየቀበሌው አንድ ልጅ ተመርጦ ቮልት መለካት፣ ፊውዝ መቀየር፣ ባትሪ መንከባከብ ቢማር፣ አንድ መለኪያና አንድ ሣጥን መለዋወጫ ቢሰጠው፣ ስንት ቤት ከጨለማ ይወጣ ነበር። የምትሸጡም፣ የሸጣችሁበትን መንደር ስም ጻፉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ በሉ። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ በጉን ከመሸጣችሁ በፊት ስለ ዋቱ ብቻ አትጠይቁ። «ሲጠፋ ማን ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በማኅተም አጽፉ። መልስ ከሌለው፣ በጉ ይቆይ።